የበሩ ደፍ ሲበሰብስ፦ የቤተሰቡን የጭቃ ቤት ከውጭ አገር ሆኖ ለሚያሳድስ

እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ቤቱ ደህና ነው፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» ትለኝ ነበር። ለገና ስገባ የሳሎኑ በር አልገጥም ብሎ በገመድ ታስሮ አገኘሁት። የደፉን እንጨት በጫማዬ ጫፍ ነካ ባደርገው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ።

ጥፋተኛዋ እኔው ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት «ግቢው በጭቃ ተበላሸ» ስባል ሊሾ እንዲደረግ ገንዘብ ልኬያለሁ። ግንበኛው አፈሩን ሳይቆርጥ ጠጠሩንና ሲሚንቶውን በላዩ ላይ ደለደለው፤ ግቢው ከፍ አለና ከደፉ ጋር እኩል ሆነ። ድሮ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ አፈር ውስጥ ይሰርግ ነበር፤ አሁን ሲሚንቶው ላይ እየፈነጠቀ እንጨቱ ሥር ይተኛል። የተላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ ግን ግቢው እንዴት ያምር ነበር!

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገርና በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። የበሩ መቃን የሚመታው ከቋሚዎቹ ጋር ነው። ደፉ ውኃ ሲጠጣ ርጥበቱ በመቃኑ እግር በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በሩ ይዘምማል፤ ከዚያ ተራው የቋሚው ይሆናል። ርጥብ እንጨት ደግሞ ምስጥ ይጠራል። እዚህ ከተደረሰ የሚታደሰው ደፍ ሳይሆን ግድግዳ ነው።

ስለዚህ የበጋ ፎቶግራፍ አትቀበሉ። በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ፣ ከበሩ ፊት ለፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ወላጆች ለልጃቸው ጭንቀት መላክ አይወዱምና ይህን የሚያደርግላችሁ የአክስት ወይም የጎረቤት ልጅ ቢሆን ይሻላል። ክረምቱ ካለፈም ደጃፉ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስስና ወዴት እንደሚሄድ ያሳያችሁ። ቀጥሎ በመቃኑ እግር ላይ ሚስማር በእጁ ይጫን፤ ያለ መዶሻ ከገባ እንጨቱ አልቋል። የቀለሙ ማማር አያታልላችሁ፤ የዘይት ቀለም የበሰበሰ እንጨትን ለረጅም ጊዜ ደብቆ ያኖራል።

መጀመሪያ የሚጠራው አናጢ አይደለም። ውኃው ከበሩ ካልራቀ አዲሱም እንጨት ይበሰብሳል። እኛ ቤት መጀመሪያ የተቀደደው አሸንዳ ተቀየረ። ከዚያ በግድግዳው ሥር ያለው ሊሾ ተሰብሮ ደጃፉ ከደፉ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ በየሜትሩም ወደ 2 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ከቦይ ጋር ተገናኘ። አናጢው የገባው ከዚህ በኋላ ነው። የመቃኖቹን እግር ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጦ በደረቅ ጽድ ቀጠለ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ከመግጠሙ በፊት ቀለም አጠጣው። ደፉን ራሱን በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ተካነው። እንጨቱ ከድንጋዩ ርጥበት እንዳይስብ በመካከላቸው ሬንጅ ተቀባ።

ሁለት ምክሮች መምጣታቸው አይቀርም። አንዱ «የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ» የሚል ነው፤ ዘይት የጠጣ እንጨት በኋላ ቀለም አይዝም፣ ሽታውም ቤት ውስጥ ይቀራል። ሌላው «ግድግዳውን ከሥር በሲሚንቶ ልሰኑት» የሚል ነው፤ ይህኛው ይብሳል። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይንቀሳቀሱም፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ቋሚው ላይ ይቀመጣል።

ገንዘቡን በግንቦት አትላኩ። በጥድፊያ የተገዛ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይበቃል። ክፍያውን ከፋፍሉት፤ የሚከፋፈለውም በሚሸፈነው ሥራ ልክ ይሁን። የቦዩ ጥልቀት፣ የተቆረጠው እግርና ሬንጁ ከመሸፈናቸው በፊት አጠገባቸው ሜትር ተዘርግቶ ይቀረጹ። አንዴ ከተለሰነ በኋላ ማንንም ብትጠይቁ መልሱ «ተሠርቷል» ነው።

ለእንዲህ ያለ ጥገና ውክልና አላስፈለገኝም። ግድግዳ ማፍረስ ወይም ማስፋት ከመጣ ግን የወረዳ ፈቃድ አለ፤ ቤቱ በእናንተ ስም ከሆነም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ውክልና ስጡ። በር ለማስጠገን የመሸጥና የመለወጥ ሥልጣን መስጠት ምን ይባላል?

የቀረው የእናቴ ጉዳይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወለሉን አጥባ እጣቢውን ከደፉ ላይ ሆና ትደፋዋለች፤ ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማም በሩ ሥር ተጠርጎ ቀናት ያድራል። ይህን ባነሳባት «ደጃፌን እንዳላጥብ ነው ከአሜሪካ ድረስ የመጣሽው?» አለችኝ። ድንጋዩን ትንሽ ይበልጥ ወደ ውጭ እንዲያዘነብለው ለግንበኛው ነገርኩት።