ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ መኖር፦ ከመግባታችሁ በፊትና ከገባችሁ በኋላ

ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግቢውን፣ የክፍሎቹን ብዛትና የመስኮቱን ስፋት ነው። አይፈረድበትም። በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፋ ያለ ቤት የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ግን የዳር ሰፈር ኑሮ የሚከብደውም የሚቀልለውም በቤቱ አይደለም፣ በመንገዱ ነው። ቤቱ ቢጠብ ዕቃ ይቀነሳል። መንገዱ ከረዘመ ግን የሚቀነሰው ከእንቅልፋችሁና ከቤተሰባችሁ ሰዓት ላይ ነው።

ስለዚህ ከመንገዱ እንጀምር።

መንገዱን በሰዓት ለኩት

ኪሎ ሜትር እርሱት። ደላላው ወይም አከራዩ «ሀያ ደቂቃ ብቻ ነው» ሲላችሁ አልዋሸም፤ እሁድ ጠዋት፣ በራሱ መኪና፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ማለቱ ነው። እናንተ ግን የምትወጡት ሰኞ ጠዋት ነው፣ የምትመለሱትም አገር ምድሩ በሚመለስበት ሰዓት። ውል ከመፈረማችሁ በፊት በሥራ ቀን፣ በምትወጡበት ሰዓት፣ ከቤቱ በር ተነስታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ በር ድረስ ሂዱና እዩት፤ እስከ ፌርማታው የምትሄዱትን፣ ቆማችሁ የምትጠብቁትን፣ ሌላ መኪና የምትቀይሩበትን ሁሉ አብራችሁ ቁጠሩ። ማታም እንዲሁ። ከተቻለ ደግሞ አንዱ ጉዞ ዝናብ ያለበት ቀን ይሁን።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። አሁን ካላችሁበት ቤት በመሄጃና በመመለሻ 15፣ 15 ደቂቃ ብቻ ይጨምር እንበል። ትንሽ ይመስላል። በቀን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ወሩ 22 የሥራ ቀን ካለው 11 ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ በየወሩ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። በኪራይ ያተረፋችሁትን ገንዘብ ከትራንስፖርቱ ወጪ ጋር አስተያዩትና ከ11 ሰዓቱ ጎን አስቀምጡት። አዋጣኝ ካላችሁ ጥሩ። አንዳንዴ በእርግጥ ያዋጣል።

ይህ የኔ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የጀርመን ነዋሪዎችን መረጃ አገላብጠው ነበር። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው ወይ በቤት ዋጋ ወይ በደመወዝ ይካሳል ተብሎ ይጠበቃል። ያገኙት ግን ሌላ ነው፦ መንገዱ የረዘመበት ሰው በኑሮው ያለው እርካታ ዝቅ ያለ ነበር። ለምን ቢባል፣ ሰው ቤት ሲመርጥ ሰፊውን ሳሎን ይገምታል እንጂ በየቀኑ የሚቆምበትን ሰልፍ አይገምትም። ይኼ ግን የኔ ግምት ነው።

ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩት

አንድ መካከለኛ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ 400 ሜትር ይሄዳል። ከቤቱ ተነስታችሁ አምስት ደቂቃ በአንድ በኩል፣ ከዚያ በሌላ በኩል ሂዱ። ሱቅ አለ? ፋርማሲስ? ፌርማታ? ምንም ካልገጠማችሁ ለጠፋ አምፖልም ለራስ ምታት ኪኒንም መኪና ማስነሳት ሊኖርባችሁ ነው።

ካርታ ላይ አይታችሁ «ቅርብ ነው» እንዳትሉ። ብዙ የዳር ሰፈሮች መንገዳቸው መውጫ የለውም፤ ገብቶ ይዘጋል። ለጸጥታው ግሩም ነው፣ አላፊ አግዳሚ መኪና ስለማይኖር ልጅ ደጅ ላይ ሊጫወት ይችላል። ችግሩ ከአጥሩ ኋላ የሚታየው ሱቅ ጋ ለመድረስ ሰፈሩን ዞሮ መምጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የተቆረቆረችው ራድበርን በዚህ ዓይነቱ አሠራር ትታወቃለች፤ እዚያ ግን ከተዘጋው መንገድ ጋር ለእግረኛ ብቻ የሚሆን መተላለፊያም አብሮ ተሠርቶ ነበር። በኋላ የተሠሩት ብዙ ሰፈሮች የተዘጋውን መንገድ ወስደው መተላለፊያውን ተዉት። እናንተ በምታዩት ሰፈር በቤቶቹ መሀል የእግር መውጫ ካለ ትልቅ ነገር ነው፣ ዋጋ ስጡት።

ማታም አንዴ ሂዱ። የመንገድ መብራቱ ይሠራል? የመጨረሻው አውቶብስ በስንት ሰዓት ነው? ውሾቹ የታሰሩ ናቸው ወይስ የሚፈቱ? በጠራራ ፀሐይ ደስ ያለው ሰፈር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። እግረ መንገዳችሁን ልብ በሉ፣ ዳሩ ማታ ማታ ከመሀል ከተማ ቀዝቀዝ ይላል፤ አስፋልትና ሲሚንቶ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፋ መሀሉ ቶሎ አይበርድም።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ቧንቧውን ክፈቱት። ሰፈሩ ኮረብታ ላይ ከሆነ በተለይ፣ ምክንያቱም ውሃ 10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ በአንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ ታች ያሉት ጎረቤቶች ጋ የሚንፏፏው ውሃ እናንተ ጋ ሲደርስ ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ስልካችሁን በየክፍሉ ይዛችሁ ዙሩና ኔትወርኩን እዩ። ፍሳሹ ወደ ከተማው መስመር ነው የሚሄደው ወይስ ጉድጓድ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ጉድጓድ ከሆነ መቼ እንደተመጠጠ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ።

ከቤቱ ጎን ባዶ ሜዳ አለ? ደስ ይላል፣ ግን እንዳለ አይቀርም። ያ መሬት ለምን እንደታሰበ የከተማው ፕላን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። አዲስ ሰፈር ማለት ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሳያልቅ የሚቆይ ሰፈር ማለት ነው፣ አቧራና የግንባታ ጩኸት የኪራዩ አካል ነው።

ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ማን ነው?

ቤት ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚያዝዘው ሥራ የሚሄደው ሰው ነው። እኔ ግን ውሳኔው ቤት ለሚውለው መተው አለበት ባይ ነኝ። ሥራ የሚሄደውማ ከተማውን በየቀኑ ያያል። ቤት የሚውለው ሰው፣ ሕፃን የሚያሳድግ ይሁን ጡረታ የወጣ ወይም ከቤት ሆኖ የሚሠራ፣ መኪናው ጠዋት ከወጣ በኋላ ያለው ዓለም በእግሩ የሚደርስበት ያህል ብቻ ነው። ፌርማታው ቅርብ ካልሆነ ሰፊው ቤት ቶሎ ይጠብበታል።

ልጆችም እንደ ዕድሜያቸው ነው። ትንንሾቹ ዳር ሰፈርን ይወዱታል፣ ግቢ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጓደኞቻቸው ሌላ ጫፍ ናቸው፣ ለብቻቸው የሚሄዱበት ትራንስፖርት ከሌለ እናንተ ሾፌር ሆናችሁ ማለት ነው። የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ያለውን ቤተሰባችሁን አስቡ።

ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ሥራ ጎረቤት መተዋወቅ ነው። ዳር ሰፈር ሰው ከበሩ ወጥቶ ቀጥታ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ሲመለስም እንደዚያው፤ በራሱ የሚመጣ አጋጣሚ የለም፣ አጋጣሚውን እናንተ ናችሁ የምትፈጥሩት። በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራና ቀኝ ያሉትን በር አንኳኩና ስማችሁን ንገሩ። ያኔ «አዲስ ገቢ ነን» ማለት ይበቃል። ዓመት ካለፈ በኋላ ያፍራል ሰው፣ እጅ እያነሱ እንደተላለፉ መቅረት ነው።

ቅርብ ካሉት መጀመራችሁ በከንቱ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ማን ከማን ጋር እንደተወዳጀ አይተዋል። በር ለበር ከሚኖሩት 41 በመቶዎቹ ተወዳጅተዋል፣ በኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ካሉት ግን 10 በመቶዎቹ ብቻ። ወዳጅነት ጸባይ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ መገናኘትም ይፈልጋል። ስለዚህ በተመሳሳይ ሰዓት በእግር መንቀሳቀስ፣ ግቢ ውስጥ የምትሠሩትን ነገር በር ላይ ወጥታችሁ መሥራት ከምንም ግብዣ ይበልጥ ይሠራል።

የሰፈሩ የስልክ ግሩፕ ካለ ግቡ። ውሃ ሲጠፋና መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ነው። ድምፁን ግን አጥፉት። ቅሬታ ካላችሁ ደግሞ፣ ስለ ሙዚቃም ይሁን በራችሁን ዘግቶ ስለቆመ መኪና፣ ግሩፕ ላይ አትጻፉ። ሄዳችሁ በአካል ተናገሩ። ሁለት መቶ ሰው ፊት የተወቀሰ ጎረቤት ልክ ብትሆኑም አይታረቃችሁም።

ሁለተኛው ነገር ሳምንቱን ማደራጀት ነው። መሀል ከተማ ያላችሁን ጉዳይ ሁሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አጠራቅሙ፣ ባንኩንም ሐኪሙንም ጥገናውንም። በር ላይ የሚንጠለጠል ዝርዝር ያዙ፤ እዚህ «ረሳሁት» ማለት ውድ ነው። ቢቻል ከሰልፉ ቀድማችሁ ውጡ። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣት አንዳንዴ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያተርፋል።

የድሮ ጓደኞቻችሁ አዲሱን ቤት ሊያዩ አንዴ ይመጣሉ። ከዚያ «ሩቅ ነው» ይጀመራል። አትቀየሙ፣ እውነትም ሩቅ ነው። ከወሩ አንድ ቋሚ ቀን ስጧቸው፣ ሌላ ጊዜ እናንተ ሂዱ፤ «አንድ ቀን እንገናኝ» በሚባል ነገር ግን አትተማመኑ፣ ርቀት ላይ አይሠራም።

ለመግዛት ያሰባችሁ ከሆነ መጀመሪያ እዚያው ሰፈር ተከራዩ፤ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍበት፣ ጭቃውንም አቧራውንም እዩት። ውሉ ላይም ለመልቀቅ ከስንት ጊዜ በፊት ማሳወቅ እንዳለባችሁ በግልጽ ይጻፍ።