የሎሚ ቢራቢሮን ፎቶ ስናነሳ፦ ችግርና መፍትሄ

መስከረም ሲጠባና ፀሐይዋ ስትጠና፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን የተተከለበት ግቢ አንዲት እንግዳ አያጣም። መደቧ ጥቁር ነው፣ በላዩ ፈዛዛ ቢጫ ተረጭቶበታል። የኋላ ክንፎቿ ጫፍ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያለው ዓይን መሰል ነጥብ አለ። ክንፏን ስትዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር ትበልጣለች። የሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ሲሆን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በብዛት ትገኛለች። ዱባይ ወይም ሙስካት ሆናችሁ ሎሚ ላይ የምታዩት የቅርብ ዘመዷን ዴሞሌየስን ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ለሁለቱም ይሠራል።

ትልቅና ደማቅ ስለሆነች ፎቶዋን ማንሳት ቀላል ይመስላል። ቤት ገብተን ስናየው ግን ብዥ ያለ ጥቁር ነገር ብቻ እናገኛለን፣ ከዚያም ካሜራውን እንወቅሳለን። እኔም ለረጅም ጊዜ ሌንሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን የማምነው አብዛኛው ስህተት ካሜራው ሳይከፈት፣ በቆምንበት ቦታና በመጣንበት ሰዓት እንደሚጀምር ነው።

ልቀርባት ስል ትበራለች

የቢራቢሮ ዓይን ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው። የፊታችንን መልክ አጥርታ አታይም፤ እንቅስቃሴን ግን ወዲያው ትለያለች። ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጣት ድንገት የሚያርፍባት ጥላ ነው፣ ለእሷ ጥላ ማለት ወፍ ማለት ነውና። ስለዚህ ተከትሎ መሮጥ ዋጋ የለውም።

አበባውን ምረጡና እዚያው ጠብቋት። ከግቢ አጥር አበቦች ሁሉ እኔ የምመርጠው የወፍ ቆሎን ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አንዱ ራስ በርካታ ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ነው። መሐል ላይ ያሉት አዲስ የፈኩት ቢጫ ናቸው፣ ዳር ያሉት የቆዩት ደግሞ ወደ ሮዝ ወይም ቀይ ተለውጠዋል። የአበባው ማር በብዛት ያለው ቢጫዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ቢጫ የበዛበትን ራስ መርጣችሁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ ቁጭ በሉ። ጥላችሁ አበባው ላይ እንዳያርፍ መጀመሪያ አረጋግጡ። ካሜራውን ወይም ስልኩን እሷ ከመምጣቷ በፊት ፊታችሁ ላይ አድርጉት፤ ከመጣች በኋላ ክንድ ማንሳት በቂ ማስፈራሪያ ነው።

ስትመጣ ምላሷን ተመልከቱ። እንደ ሰዓት ሽቦ የተጠቀለለው ቀጭን ቱቦ ተዘርግቶ አበባው ውስጥ ሲገባ በጉልበታችሁ ትንሽ ተጠጉ። ምላሷን ስትጠቀልል ቀጥ በሉ። ከበረረችም ባላችሁበት ቆዩ፤ ብዙ ጊዜ ዞራ እዚያው ትመለሳለች።

ሌላው ጥሩ ቦታ የውሃ ዳር ነው። በሞቃት ቀን ወንዶቹ ከዓባይ ዳር ወይም ከሐይቁ ጠርዝ እርጥብ አሸዋ ላይ ወርደው ጨው ያለበትን ውሃ ይመጥጣሉ። እዚያ ልባቸው መጠጡ ላይ ስለሆነ በሆድ ተኝቶ በደንብ መጠጋት ይቻላል።

ሰውነቷ ጥርት ብሎ ክንፏ ብዥ ይላል

ይህ የዚህች ቢራቢሮ ዋነኛ ችግር ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሌሎች ቢራቢሮዎች አበባ ላይ ሲያርፉ ክንፋቸውን ያሳርፋሉ። የሎሚ ቢራቢሮ ግን ክብደቷን አበባው ላይ ሙሉ ለሙሉ አትጥልም፤ እየመጠጠችም የፊት ክንፎቿን ታርገበግባለች። ለሰው ፎቶ የሚበቃው 1/250 ሰከንድ የሸተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) እዚህ አይሠራም።

ካሜራ ያላችሁ ሸተሩን 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጉ፤ ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 800 ወይም 1600 ከፍ አድርጉ። አይኤስኦው ሲጨምር የሚመጣው ትንሽ የነጠብጣብ ፍንጥርጥር ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ከለስላሳ ብዥታ በብዙ ይሻላል። ተከታታይ ማንሻውን ከፍታችሁ በአንድ ጊዜ አሥር አሥር አንሱ። ክንፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ደርሶ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት ለአፍታ ይቆማል፤ ከአሥሩ አንዱ እዚያ ላይ ይገጥማል።

በስልክ የምታነሱ ኤችዲአር የሚባለውን አጥፉት። እሱ ብዙ ፎቶ በፍጥነት አንስቶ አንድ ላይ ስለሚያዋህድ፣ የሚንቀሳቀስ ክንፍ ድርብርብ ሆኖ እንደ ጥላ ይወጣል። ስልካችሁ ‹‹ፕሮ›› የሚል ምርጫ ካለው የሸተሩን ፍጥነት ራሳችሁ ወስኑ። ከሌለው ሙሉ ፀሐይ ላይ ብቻ አንሱ፤ ብርሃን ሲበዛ ስልኩ ራሱ ሸተሩን ያፈጥናል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መፍትሄ ግን በማለዳ መነሳት ነው። ቢራቢሮ ሰውነቷ ካልሞቀ መብረር አትችልም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፀሐይ የነካው ቅጠል ላይ ክንፏን ሙሉ በሙሉ ዘርግታ ትሞቃለች። አታርገበግብም፣ አትቸኩልም። ሌሊቱን የምታድርበትን ቁጥቋጦ ማታ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ካያችሁ ጠዋት በቀጥታ ወደዚያው ሂዱ።

ቢራቢሮ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ካደነዘዙ በኋላ አበባ ላይ አስቀምጦ ማንሳትን እንደ ዘዴ የሚመክሩ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። በጣት መያዝም እንዲሁ ነው፤ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፏ ቅርፊት ነው፣ አንዴ ከረገፈ አይተካም።

አንዱ ክንፍ ጥርት፣ ሌላው ብዥ

በቅርብ ርቀት ከፊት ወደ ኋላ ጥርት የሚለው ስፋት በጣም ጠባብ ነው። ክንፉ ተዘርግቶ እናንተ ከጎን ካነሳችሁ አንደኛው ክንፍ ከዚያ ስፋት ውጭ ይወድቃል። የካሜራው ወይም የስልኩ ጀርባ ከክንፉ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ተዘርግታ ከሆነ ከላይ፣ ክንፏን ገጥማ ከሆነ ከጎን። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱንም ክንፍ ጥርት ማድረግ ካልተቻለ ዓይኗ ጥርት ይበል። ዓይኗ ጥርት ካለ ተመልካች የክንፉን ብዥታ ይቅር ይላል።

ፎከሱ ቅጠሉ ላይ ይሄዳል

ካሜራው ላይ አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡ። ስልክ ላይ ደግሞ ሰውነቷ ያለበትን በጣት ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ያም ሆኖ ብዥ ካለ ከመጠን በላይ ተጠግታችኋል ማለት ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ዙሙን 2 እጥፍ አድርጉት።

ጥቁሩ አመድ መሰለ፣ ቢጫው ነጭ ሆነ

ካሜራው ብዙ ጥቁር ሲያይ ቦታው የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምራል። ያን ጊዜ ቢጫው ይቃጠላል፣ ጥቁሩም ክብሩን ያጣል። የብርሃን ማስተካከያውን በአንድ እርከን ቀንሱ፤ ስልክ ላይ ፎከሱን ከቆለፋችሁ በኋላ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ታች ጎትቱ። የጨለመውን በኋላ ማቅናት ይቻላል፣ የተቃጠለ ቢጫ ግን አይመለስም።

የቀትር ፀሐይንም ተዉት። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ናት፤ በሌላውም ወራት ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ደረቅ ነው። ስስ ደመና የሸፈነው ቀን ካጋጠማችሁ ግን ሥራችሁን ትታችሁ ውጡ።

ቢራቢሮዋ ጭራሽ አልመጣችም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሎሚው ላይ የተረጨው መድኃኒት ነው። ወይም ትሎቹ ተለቅመው ተረግጠዋል። እማዬም አንድ ጊዜ ‹‹ይሄ ትል ሎሚዬን ጨረሰው›› ብላ ልትለቅም ስትነሳ፣ እነዚያው ትሎች ክንፍ እንደሚያወጡ ነገርኳት። አላመነችኝም። አንዱን ትል በስንጥር ነካ አደረግኩላት። ከራሱ ጀርባ ብርቱካናማ፣ እንደ መንታ ቀንድ ያለ ነገር ብቅ አለና ኃይለኛ ሽታ ግቢውን አወደው፤ ጠላቱን የሚያባርርበት መሣሪያው ነው። እማዬ ወደ ኋላ አለችና፣ ‹‹እንግዲያስ አሳድገህ አሳየኝ›› አለች።

ትንንሾቹን ትሎች ለመለየት ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስለውን ፈልጉ፤ ጥቁር ነጭ ጣል ያለበት ነው። ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ። ትልቅ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ትሎችን ይችላል። ችግኝ ላይ ካገኛችኋቸው ግን ከነቅጠላቸው ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውሯቸው።

ትሉ ከጠገበ በኋላ ግንድ ላይ ወጥቶ ወገቡን መቀነት በመሰለ ክር ያስርና ሙሽሬ ይሆናል፤ ማለትም በሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ ቢራቢሮ ይለወጣል። ቦታውን ምልክት አድርጉበት። ከሽፋኑ በስተጀርባ የክንፉ ጥቁርና ቢጫ መታየት ከጀመረ ልትወጣ ተቃርባለች፤ በማግስቱ ማለዳ እዚያ ተገኙ። ከወጣች በኋላ የተጨማደደው ክንፏ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ድረስ ረጅም ጊዜ ተንጠልጥላ ትቆያለች፣ አትበርም። 1/125 ሰከንድ ይበቃል፣ ትራይፖድም መጠቀም ይቻላል፣ አንድም ቅርፊት አይረግፍም። የእኛዋ በወጣችበት ጠዋት እማዬ ቡናውን ቆልታ ሎሚው ሥር አቀረበችው። ሁለተኛውን ስኒ ስንጠጣ ቢራቢሮዋ ክንፏን ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋች፣ ከዚያም በአጥሩ ላይ አልፋ ሄደች።