ለጎረምሳ እረኛ ውሻ የማሰልጠኛ በረት ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሰው ወጣት ውሻ በጎች መንዳት የሚማርበትን በረት የሚሠራው ውሻው እንዳያመልጥ ብሎ ነው። ውሻው ግን ብዙውን ጊዜ የትም አይሄድም፤ ልቡ ያለው በጎቹ ላይ ነው። አጥር ጥሶ የሚወጣው፣ ዘሎ እግሩን የሚሰብረው የደነገጠ በግ ነው። ስለዚህ አጥሩን ስታስቡ መጀመሪያ በጉን አስቡ።

ጥግ ያለው በረት መሥራት
አራት ማዕዘን በረት ለመሥራት ይቀላል። ችግሩ፣ በግ ሲፈራ ጥግ ይይዛል፤ አንዴ ከተወሸቀ ደግሞ አይወጣም። ልምድ የሌለው ውሻ ትዕግስቱ ያልቅና መሃላቸው ይገባል፣ ሱፍ ይዞ ይጎትታል። ክብ በረት ከዚህ ይገላግላል። ያላችሁ አጥር አራት ማዕዘን ከሆነም ማፍረስ የለባችሁም። ጥጎቹን በጣውላ ወይም በተንቀሳቃሽ አጥር በሰያፍ ዝጓቸው።

አጥብቦ መሥራት
«ውሻው ገና ልጅ ነው፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ስህተት ይሄ ነው። እያንዳንዱ በግ ውሻ ሲቀርበው መሸሽ የሚጀምርበት ርቀት አለው። በረቱ ከዚያ ከጠበበ በጉ የትም ቢሄድ ውሻው አጠገቡ ነው። እንደ ቦርደር ኮሊ ያሉ ውሾች ደግሞ በተፈጥሯቸው በጎቹን ዞረው ከእናንተ ትይዩ መቆምና ወደ እናንተ መንዳት ይፈልጋሉ። ዙሩ ስፋት ይጠይቃል። ቦታ ያጣ ውሻ በአጥሩና በበጎቹ መካከል እየተጋፋ ማለፍን ይለምዳል፤ ፈሪ ከሆነም ጭራሽ አልዞርም ይላል። ከ15 እስከ 25 ሜትር ዲያሜትር ለጀማሪ ይሆናል። በጣም ከሰፋ ግን ነገር ሲበላሽ ሮጣችሁ አትደርሱም።

በረቱ የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ውሻው ሲረጋጋ ወደ ሜዳ አውጡት፤ እዚያው ከቆየ በጎቹን ተጠግቶ መሥራት ልማድ ይሆንበታል።

ያገኙትን ሽቦ መጠቀም
እሾሃማ ሽቦ ፈጽሞ አይግባ። ለየብቻ የተወጠረ ቀጭን ሽቦም የሚሮጥ በግ አያየውም። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መረብ ደግሞ ጭንቅላትና እግር ይይዛል። ጠንካራ መረብ ምረጡ፣ ቁመቱ ከ1.2 ሜትር አይነስ። መረቡን ከምሰሶዎቹ በውስጥ በኩል ምቱት፤ በግ ሲገፋው ምሰሶው ይደግፈዋል፣ እንስሳቱም ከምሰሶ ጋር አይላተሙም። ከታች ውሻ የሚሾልክበት ክፍተት አትተዉ። በመጨረሻ ዙሪያውን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ዓይን የሳተውን የሽቦ ጫፍ እጅ ያገኘዋል።

በሩን ችላ ማለት
መቀርቀሪያው በአንድ እጅ መከፈት አለበት፣ ሌላኛው እጃችሁ ውሻ ይዟልና። በጎች በገቡበት በር አካባቢ መሰብሰብ ይወዳሉ። ጀማሪ ውሻ ከዚያ እንዲያላቅቃቸው አትጠብቁ፤ እናንተው ወደ መሃል አምጧቸውና ከዚያ ጀምሩ።

ያገኙትን በግ ማስገባት
አጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር አውራ በግ፣ እርጉዝ ወይም ግልገል ያላት በግ ከገባች ዋጋ የለውም። ግልገል ያላት በግ ውሻውን ትመታለች፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ወጣት ውሻ ሥራውን ሊጠላው ይችላል። ብቻውን የገባ በግም ይሸበራል። ውሻ የለመዱ፣ እርጋታ ያላቸው ከ3 እስከ 5 በጎች ይበቃሉ።

ብዙዎች የማያስቡት ነገር የትል መድኃኒት ነው። ኮሊዎችና ዘመዶቻቸው ውስጥ ኢቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት መቋቋም የማይችሉ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። መድኃኒቱ በቅርቡ በወሰዱት በጎች በጠጥ ውስጥ ይኖራል፣ ውሻ ደግሞ በጠጥ ይበላል። እንዲህ ያሉትን በጎች በረቱ ውስጥ አታስገቡ።

መሬቱን ረስቶ አጥሩ ላይ ብቻ መድከም
ጉድጓዱን ሙሉ፣ ድንጋዩን ልቀሙ፣ ከጭቃ ራቁ። ጥላና ውሃ ይኑር፤ ሥራ ላይ ያለ ውሻ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እንኳ በራሱ አያቆምምና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሠርታችሁ አሳርፉት። ውሻው የሚጎትተው ረጅም ገመድ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ወይም የእጅ መያዣ ካለው ቋጠሮውን ወይም መያዣውን ቁረጡት፤ አጥር ላይ ወይም የበግ እግር ላይ ይያዛል።