ከቅጠል የብር ናኖ ቅንጣት ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በባሕር ዳር የማማክራቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አብዛኞቹ ምርምራቸውን የሚጀምሩት አያታቸው ለሕመም ስትጨምቀው ካዩት ቅጠል ነው፤ አንዱ ከዳሞት ዳማከሴ ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ከጓሮዋ ግራዋ ቀጥፋ ትመጣለች። የቅጠሉ ውሃ ሲልቨር ናይትሬት ከተባለው የብር ጨው ጋር ተዋሕዶ ቡናማ ሲሆን፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶች (ናኖ ቅንጣቶች) የመፈጠራቸው ምልክት ነውና፣ የሚሰማቸው ደስታ ዛሬም ድረስ ይጋባብኛል። ስህተቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀለም በፊትና በኋላ ነው።

መጀመሪያ ውሃው ነው። አንዲት ተማሪ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ፣ «መምህር፣ የእኔው ነጭ ሆነብኝ» አለችኝ። ብልቃጡን በቧንቧ ውሃ አጥባ በተጣራ ውሃ አላለቀለቀችውም ነበር። በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎራይድ ብሩን ይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ይህም ብርሃን ሲያገኘው ስለሚጠቁር፣ ቀለም ብቻ የሚያይ ሰው ናኖ ቅንጣት ያገኘ ይመስለዋል።

ደጋግሜ የተናገርሁትና አሁንም የሚያንገበግበኝ ስህተት ግን ያለ ማነጻጸሪያ የሚደረግ የፀረ ባክቴሪያ ሙከራ ነው። ተማሪው ፈሳሹን እንዳለ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ያንጠባጥባል፤ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በማስመሪያ ለክቶም «ናኖ ቅንጣቱ ገደለ» ብሎ ይጽፋል። ወደ ቅንጣት ሳይለወጥ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የቀረው የብር አዮን ብቻውን ባክቴሪያ እንደሚገድል እያወቅን፣ ገዳዩ ቅንጣቱ ነው የምንለው በምን ማስረጃ ነው? ቅንጣቱ በሴንትሪፊዩጅ (ፈሳሹን በፍጥነት አሽከርክሮ በሚያዘቅጥ መሣሪያ) ተለይቶና ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከጎኑም የቅጠሉ ውሃ ብቻ፣ የብር መጠኑ እኩል የሆነ ሲልቨር ናይትሬት ብቻ፣ ከመጀመሪያው እጥበት የተረፈው ፈሳሽም ብቻ ሊፈተኑ ይገባል። እኔም በመመረቂያ ሥራዬ ሲልቨር ናይትሬቱን ብቻውን አልፈተንሁትም ነበር። ፈታኙ ጠይቀውኝ ሙከራውን ስደግመው ሁለቱ ክቦች እኩል ሆኑ፤ የወራት ድካሜ ስለ ቅንጣቱ ምንም እንደማይናገር ያን ቀን ተረዳሁ።

ቀጥሎ የመጠን ልኬቱ ነው። ኤክስሬይ በናሙናው ሲበተን ከሚታየው ንድፍ (ከኤክስሬይ ዲፍራክሽን) በሼረር ቀመር የሚገኘው ቁጥር የክሪስታሉ፣ ማለትም አተሞቹ በአንድ ሥርዓት የተደረደሩበት ክፍል፣ መጠን እንጂ የቅንጣቱ አይደለም፤ አንድ ቅንጣት ብዙ ክሪስታሎችን ሊይዝ ይችላል። ናሙናው ለምርመራ አዲስ አበባ እስኪላክ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ቅንጣቶቹ ሊጣበቁ ስለሚችሉ፣ ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ የሚታየውን የብርሃን መምጠጫ ጫፍ (ቅንጣቶቹ ብርሃንን አብልጠው የሚመጥጡበትን ቦታ) በተሠራበት ቀንና ከመላኩ በፊት ለክታችሁ አወዳድሩ።

የመጨረሻው የእኛው ደጋ የሚያመጣው ነው። መመሪያዎች አውቶክሌቩን (የሙከራ ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳውን መሣሪያ) በ15 ፒኤስአይ ግፊት ለ15 ደቂቃ አቆዩ ሲሉ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል ብለው ነው፤ ይህ የሚሠራው ግን በባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ መለኪያው ያንኑ 15 እያሳየ ውስጡ ያለው እንፋሎት 118 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱን ተከተሉ፤ ዕቃው ከሚችለው ግፊት ሳታልፉም ጊዜውን አርዝሙ። በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ባክቴሪያ ያልተዘራበት አንድ ሳህን ከሌሎቹ ጋር አሳድሩ፤ በማግሥቱ እርሱ ላይ አንድ ነገር ከበቀለ የዚያን ዙር ውጤት በሙሉ ጣሉት።