ኮከቡ አበጠ፣ ኮላው አልያዘም፦ ከልጆች ጋር የገና ጌጥ ስንሠራ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዱቄት፣ ጨው፣ ነጭ ወረቀት፣ ኮላ። ከልጅ ጋር የገና ጌጥ ለመሥራት ከዚህ ብዙም የሚያልፍ ነገር አያስፈልግም። ሥራው ሲበላሽ ግን የልጅ ፊት ወዲያው ይጠቁራል። ከልጆቼ ጋር ስሠራ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከእርጥበት መሆኑ ነው። ወይ ውሃው በዝቷል፣ ወይ ሳይደርቅ ቸኩለን ነክተነዋል።

የጨው ሊጡ ኦቨን ውስጥ አበጠ ወይም ተሰነጠቀ

የመጀመሪያውን ኮከባችንን አልረሳውም። ጠፍጣፋ ሆኖ ገብቶ እንደ ትንሽ ዳቦ አብጦ ወጣ። ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እማዬ፣ ኮከቡ ለምን ወፈረ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቶሎ እንዲደርስ ብዬ እሳቱን አብዝቼዋለሁ። እሳት ሲበዛ የሊጡ ላይኛው ክፍል ቀድሞ ይደርቃል። ውስጥ የቀረው ውሃ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ይገፋል። ያኔ ወይ ያብጣል፣ ወይ ይሰነጠቃል።

ልኩ ይሄ ነው፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ እስከ 1 ኩባያ ውሃ። ውሃውን በአንዴ አታፍስሱት። ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ እሹት፣ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ይበቃዋል። ዱቄቱ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ከሆነ ማበጡ አይቀርም፣ ስለዚህ ተራውን ተጠቀሙ። ሊጡን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳስታችሁ ዳምጡ። ኦቨኑን 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጉና ከ2 እስከ 3 ሰዓት አቆዩት፣ መሃል ላይ ገልብጡት። ኦቨን ከሌለ በየቀኑ እያገላበጡ ለጥቂት ቀናት አየር ላይ ማድረቅም ይሠራል።

የተሰነጠቀውን አትጣሉት። ከዚያው ሊጥ ቁንጥር አድርጋችሁ በጥቂት ውሃ አቅጥኑና ስንጥቁን ሙሉበት፣ ከዚያ እንደገና አድርቁት። ቀለም ሲቀባ አይታይም።

ክር ማስገቢያው ቀዳዳ ከተረሳም ደረቅ ጌጥ ለመብሳት አትሞክሩ፣ ይሰበራል። ከጀርባው ክሩን በኮላ ለጥፉ። ለሌላ ጊዜ ሊጡ እርጥብ እያለ በስትሮ ብሱት።

ደህና የነበረው ጌጥ ከሳምንታት በኋላ ለሰለሰ

ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ቀለም ያልተቀባ ከሆነ በለዘብተኛ ሙቀት መልሳችሁ አድርቁት። ከዚያ ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም ቫርኒሽ ቀቡት። ጀርባውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እርጥበቱም የሚገባው በዚያ ነው። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ይህን ሁሉ ጨው የበላ ውሻ በጠና ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል።

የወረቀቱ የበረዶ ቅንጣት ሲገለጥ ብጥስጥሱ ወጣ

መቀሱ ከአንዱ እጥፋት ተነስቶ ሌላው እጥፋት ድረስ ሄዷል። ወረቀቱን አያይዞ የያዘው እጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ጠርዝ ስትቆርጡ ከመሃል አትለፉ።

ቅንጣቱ አራት ወይም ስምንት ክንድ ካወጣ ችግሩ አስተጣጠፉ ላይ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ ባለስድስት ጎን ሆነው ስለሚደረደሩ፣ እውነተኛው የበረዶ ቅንጣት ስድስት ክንድ አለው። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ወረቀት ውሰዱ። ከጥግ እስከ ጥግ አጥፉት፣ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። እሱን ለሁለት አጥፉት። የተገኘውን ደግሞ የወረቀቱ መሃል ከሆነው ጥግ ተነስታችሁ ለሦስት እኩል አጥፉት። ከላይ የሚተርፉትን ጆሮዎች ቁረጡ። አሁን 12 ድርብ ወረቀት ይዛችኋል። ወፍራም ወረቀት ለልጅ መቀስ የሚከብደው ለዚህ ነው፣ ስስ ወረቀት ምረጡ።

ካርዱ ተጨማደደ፣ ብልጭልጩም ረገፈ

ነጭ ኮላ ውስጥ ውሃ አለ። ሲበዛ ወረቀቱ ይጠጣውና ይጨማደዳል። ልጆች ጠርሙሱን መጭመቅ ይወዳሉ፣ እኔ ስለዚህ ኮላውን በክዳን ላይ አፍስሼ በጥጥ እንጨት እንዲነኩት አደርጋለሁ። ብልጭልጩን ኮላው እርጥብ እያለ ነስንሱ፣ በጣት ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፣ ሳይደርቅ አታራግፉት። የተጨማደደው ካርድ ከደረቀ በኋላ ከባድ መጽሐፍ ሥር ይደር።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው «በረዶ» አልወርድ አለ

ይሄኛው ውስጡ ምስል ለጥፈን፣ ውሃና ብልጭልጭ ጨምረን የምንነቀንቀው ብልቃጥ ነው። ብልጭልጩ ከውሃው በላይ ከተንሳፈፈ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ከወረደ በኋላ ቶሎ ከተቀመጠ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ውሃውን ወፈር ያደርገዋል። ሲበዛ ግን ብልጭልጩ ተያይዞ ታች ይቀራል። ውሃው እንዳይደፈርስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ውስጥ የለጠፋችሁት ምስል ከተነቀለ ነጭ ኮላ ስለተጠቀማችሁ ነው፣ ውሃ ያሟሟዋል። ውሃ የማይበግረው ማጣበቂያ ያስፈልጋል፣ እሱን ትልቅ ሰው ይያዘው። ለትንንሾቹ ከመስታወት ይልቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይሻላል።

ልጁ መሃል ላይ ሰለቸው

ብዙውን ጊዜ ልጁን ያሰለቸው ሥራው አይደለም፣ እስኪደርቅ መጠበቁ ነው። ሥራውን ለሁለት ቀን ክፈሉት። ዛሬ ሊጥ፣ ነገ ቀለም። ሌላው ምክንያት እኛው ነን። የበረዶ ሰውዬው አፍንጫ ጎን ላይ ቢለጠፍ እጃችንን ሰብስበን እንተውለት። አንዴ ካስተካከልንበት ሥራው የእሱ መሆኑ ይቀራል፣ ጥሎትም ይሄዳል።

ሊጡ ሳይደርቅ ከጀርባው በስቴኪኒ ስሙንና ዓመቱን ይጻፍበት። ፊደል ገና ካልለየ የአውራ ጣቱን አሻራ ያሳርፍበት።