ጅቡቲን በኪራይ መኪና፦ ከወደቡ አልፋችሁ እስከ አሳል፣ ታጁራና አቤ

ጅቡቲ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ ሚለን ወደብ፣ ኮንቴይነርና ሙቀት ነው። እቃ ለማስለቀቅ ወይ ለስብሰባ ሄዶ ሆቴልና ቢሮ መሀል ሁለት ቀን የተንገላታ ሰው ደሞ ምንም ሚታይ ነገር የለም ብሎ ይመለሳል። እኔ ጅቡቲን አየሁ ምለው መኪና ተከራይቼ ከከተማው ከወጣሁ በኋላ ነው። አዋሻችን ሄዶ ሚቀርበት ሐይቅ እዛ ነው፣ ስምጥ ሸለቆው ከባህር ሚገናኘው እዛ ነው፣ ድሮ በግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ይመጣ የነበረው ጨው ሚወጣው እዛ ነው፣ እና ይሄን ሁሉ በአራት ቀን መኪና ይዛችሁ ማየት ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን አስተካክሉ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ማለት ነው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ከበረሃው ሚነፍሰው ንፋስ ደሞ አሸዋ ይዞ ነው ሚመጣው፣ በዛ ሰዓት መኪና መንዳት ሳይሆን ከመኪና መውረድም ፈተና ነው። ልጅ ወይ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ በክረምት ጭራሽ አታስቡት።

ስለ መኪናው። ሁለት አይነት ኪራይ ነው ያለው፣ ለከተማ ሚሆን ትንሽ አውቶሞቢልና ፎር ዊል። ዋጋቸው ይራራቃል፣ ጅቡቲ በአጠቃላይ ውድ ሀገር ናት ብላችሁ ተዘጋጁ። አሳል ሐይቅና ታጁራ ድረስ አስፋልት ስለሆነ በትንሽ መኪናም ይኬዳል፣ አቤ ሐይቅና ዳይ ጫካ ግን ያለ ፎር ዊል አይሞከርም። እኔ ምመክራችሁ ለአቤ ፎር ዊሉን ከነሹፌሩ ያዙ፣ መንገድ ሚባል ነገር የለም፣ የጎማ ዱካ ነው ያለው፣ ዱካው ደሞ አስር ቦታ ይከፋፈላል። መንጃ ፈቃዳችሁን ኢንተርናሽናል አድርጋችሁ አውጡት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈበት መንጃ ፈቃድ ኬላ ላይ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ፖሊስ ጋር ብዙ ሊያስወራችሁ ይችላል። መንጃ በቀኝ መስመር ነው እንደኛ፣ ስለዚህ በዛ በኩል አትቸገሩም።

መኪናውን ስትረከቡ አትቸኩሉ። አንዴ እኔ ፈርሜ ቁልፍ ተቀብዬ ወጣሁና ጉቤት ሚባለው የባህር ወሽመጥ አካባቢ ጎማ ፈነዳብኝ፣ ትርፍ ጎማውን ሳወጣው እሱም ንፋስ የለውም፣ ክሪኩ ደሞ ዘንጉ ጠፍቷል። ፀሐይ ላይ ወደ ሁለት ሰዓት ቆምኩ፣ ያዳነኝ ታርጋው የኛ የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሲያየኝ በአማርኛ "ወንድሜ ምን ሆንክ" ብሎ ወረደ፣ የራሱን ክሪክ አምጥቶ ትርፍ ጎማዬን ነፋልኝ፣ ብር ስሰጠው ተቆጣኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ትርፍ ጎማውን በእጄ እጫነዋለሁ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀምጬ አያለሁ፣ የራዲያተር ውሃ አያለሁ፣ ኤሲውን አስር ደቂቃ አስነስቼ እቆያለሁ፣ ጭረቱን ሁሉ ዙሪያውን በቪዲዮ እቀርጻለሁ። ኢንሹራንሱ ከአስፋልት ውጪ ሚሸፍን መሆኑንም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ሌላ ደሞ ሰዓት ስትቀጣጠሩ በፈረንጅ ሰዓት ተነጋገሩ፣ በኛ አቆጣጠር "ሁለት ሰዓት" ብላችሁ ከሆነ እነሱ ከምሳ በኋላ ነው ሚጠብቋችሁ።

ብሩ ፍራንክ ነው፣ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177 ፍራንክ ገደማ ተሰክቶ ያለ ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከከተማ ስትወጡ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ካርድ እዛ አይሰራም።

ከተማዋን ለማየት ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን ይበቃል። ድሮ ምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው መሀል ከተማው ላይ ነው፣ አሁን መደበኛ ስሙ የነፃነት ቀናቸው ነው፣ 27 ጁን 1977። ሰዉ ግን ምኒልክ ብትሉትም ያውቀዋል። መኪናውን እዛ አቁማችሁ በእግር ሂዱ፣ የአርኬዱ (ባለ ቅስት በረንዳው) ጥላ፣ የሐሙዲ መስጊድ፣ ገበያው ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው። ለእራት የየመን ዓሣ ብሉ፣ ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ በርበሬ ተቀብቶ እንደ ጉድጓድ በጠለቀ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይበስላል፣ ጠርዙ ጥቁር ብሎ መሀሉ ውሃ ያለው ሆኖ ይወጣል፣ ከስሩ ጋዜጣ ተነጥፎ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይመጣል፣ በእጅ ነው ሚበላው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከቀኑ 6 ተኩል እስከ 8 ሰዓት ከተማ ውስጥ አትንዱ፣ ከኛ ሀገር ሚሄደው ጫት ሚገባበት ሰዓት ነው፣ ሁሉም ይሮጣል። ከዛ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ሱቁም ቢሮውም ዝግ ነው። ወደብ፣ የጦር ካምፕና ኬላ ደሞ ፎቶ አታንሱ። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ያለባት ከተማ ናት፣ ካሜራ ያወጣ ሰው ይጠየቃል።

ዋናው ጉዞ ሁለተኛው ቀን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታችሁ ተዘጋጁና ሲነጋጋ ውጡ፣ ነዳጅ ማታውኑ ሙሉ አድርጉ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ፣ ከዛ ውጪ ለመታጠቢያ አንድ ጀሪካን ጫኑ። ከከተማ ስትወጡ ወደ ጋላፊ ሚሄደው መንገድ ላይ ነው ምትገቡት፣ የኢትዮጵያ ወጪ ገቢ ንግድ አብዛኛው ሚያልፍበት፣ እና ከፊትም ከኋላም ተሳቢ ነው። ቸኩላችሁ ለማለፍ አትሞክሩ፣ ከፊታችሁ ያለው ሹፌር ቀኝ ፍሬቻ ሲያሳያችሁ እለፉ እያላችሁ ነው፣ ያም ሆኖ በራሳችሁ ዓይን አረጋግጡ። በማታ ይሄን መንገድ በጭራሽ አትንዱ፣ መብራት የሌለው የቆመ መኪና አለ፣ ግመል አለ።

ዌዓ ሚባለውን መንደር ካለፋችሁ በኋላ የታጁራን መንገድ ይዛችሁ ከተሳቢዎቹ ትለያያላችሁ፣ እና ድንገት ፀጥ ይላል። የዲምቢያ ገደል ጋ ወርዳችሁ እዩ፣ ከዛ ቀጥሎ ጉቤት ከሥር ይታያል፣ ጥቁር ሰማያዊ ውሃ በጥቁር ድንጋይ ተከቦ፣ መሀሉ ላይ የሰይጣን ደሴት ሚሏት ቁጭ ብላ። ከጉቤትና ከአሳል መሀል ያለው ጥቁር ድንጋይ አርዱኮባ ነው፣ በኖቬምበር 1978 ለአንድ ሳምንት ገደማ እሳት ሲተፋ የነበረ፣ መሬቱ እዛ ጋ አሁንም በየዓመቱ በጥቂቱ እየተከፈተ ነው።

አሳል ከባህር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። የጨው መጠኑ ከባህር አስር እጥፍ ገደማ ነው። የጉቤት ውሃ ከመሬት ስር ሰርጎ ይመጣል፣ ፀሐይ ያተነዋል፣ ጨው ይቀራል። ዳሩ ላይ ስትረግጡት በረዶ የረገጣችሁ ይመስላችኋል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ግን በባዶ እግር አትሞክሩት፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው ሚቆርጠው፣ የፕላስቲክ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ገብታችሁ ብትተኙ ውሃው ወደ ላይ ይገፋችኋል፣ ዓይናችሁ እንዳይገባ ብቻ። ስትወጡ በደቂቃ ውስጥ ደርቆ ቆዳችሁ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ጀሪካን ለዚህ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ውጡ። አፋር ልጆች በጨው የተሸፈነ የፍየል ራስ ቅልና ክብ የጨው ድንጋይ ይሸጣሉ፣ ግዟቸው፣ ሌላ ገቢ እዛ ብዙ የለም። ስትመለሱ ዳገቱ ረጅም ነው፣ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲ አጥፉና በዝቅተኛ ማርሽ ውጡ፣ የጋለ ራዲያተር ክዳን እንዳትከፍቱ አደራ።

ከዛ ወደ ከተማ አትመለሱ፣ ወደ ታጁራ ቀጥሉ። ነጫጭ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ ከኋላ የጎዳ ተራራ። በ1880ዎቹ ለምኒልክ ሚሄደው ጠመንጃ ከዚህ ዳርቻ በግመል ተጭኖ ነበር አንኮበር ሚደርሰው፣ እዛ ባህሩ ዳር ቁጭ ብላችሁ ስታስቡት ያ ሁሉ በረሃ በእግር መሆኑ ይገርማል። አደሩና በነጋታው ፎር ዊል ካላችሁ ራንዳ በሚባለው መንደር በኩል ወደ ዳይ ጫካ ውጡ፣ ብርድ ሚባል ነገር እዛ አለ፣ ጽድ ዛፍ አለ፣ ብዙው ደርቋል ግን ሽታው የእንጦጦ ነው። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ከሆነ የሄዳችሁት በባህረ ሰላጤው ውስጥ ዌል ሻርክ ሚያሳዩ ጀልባዎች አሉ፣ ሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ሰው ማይነካ ትልቅ ዓሣ ነው።

አቤ ለብቻው አንድ ሌሊት ይፈልጋል። በዲኪል በኩል ነው፣ መንገዱ ላይ ግራንድ ባራ ሚባለውን ጠፍጣፋ ሜዳ ታልፋላችሁ፣ ከዛ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ አስ ኤይላ በሚባለው መንደር በኩል ትሄዳላችሁ። ከምሳ በኋላ ተነስታችሁ ሳይመሽ ድረሱ፣ እዛ ያሉ አፋሮች ጎጆ ያከራያሉ። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ተዉት፣ ጭቃው መኪና ይውጣል፣ ደረቅ ወንዙም ተራራ ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ እስከ 50 ሜትር ሚደርሱ የድንጋይ ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል፣ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል፣ ከኋላ ፀሐይ ስትወጣ ጥላቸው ረጅም ሆኖ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ፍላሚንጎዎቹ ሐይቁ ዳር። ወዲያ ማዶ ኢትዮጵያ ነው። ከጊንጪ በላይ ተነስቶ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ መተሐራን አጠጥቶ የመጣው አዋሽ እዚ ነው ሚያበቃው፣ ባህር ሳይደርስ። እኔ እዛ ቆሜ ዝም ነው ያልኩት።

መኪናውን ከመመለሳችሁ በፊት ከስር በኩል በደንብ አሳጥቡት፣ የአሳል ጨው ብረት ይበላል፣ አንዳንዱ አከራይም ጨው ካየ ማስያዣችሁ ላይ ይቆርጣል። የነዳጅ ጌጁን ፎቶ አንሱና ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት አስረክቡ፣ ዓርብ ቀን ከሆነ ደሞ ቢሮው ክፍት መሆኑን በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።