ካልኩሌተሩ 0.0174533 ላይ ሙጭጭ ሲል

ሳይን ኤክስን ለኤክስ አካፍለን ኤክስን ወደ 0 ስናስጠጋ ሊሚቱ (ውጤቱ እየተጠጋ የሚሄድበት ቁጥር) 1 ነው። መጽሐፉም አስተማሪያችንም የሚሉት ይህንኑ ነው። የስልኬ ካልኩሌተር ግን አሻፈረኝ አለ። ኤክስን 0.01 ሳደርገው 0.0174533 ይላል። 0.001 ሳደርገውም ያው።

ፎቶ አንስቼ ባሕር ዳር ለሚማረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት። የደብረ ማርቆስ ኔትወርክ ደግሞ ማታ ማታ ሲንቀራፈፍ አይጣል ነው! መልሱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አንተ፣ ዲግሪ ላይ ነው ወይስ ራዲያን ላይ?»

ሁለቱም የማዕዘን መለኪያዎች ናቸው፤ ለካ ስልኩ ከመጀመሪያውም ዲግሪ ላይ ነበር። ወደ ራዲያን ቀየርሁት። በ0.01 እንደገና ሳሰላ 0.99998 አለ። እፎይ!

ያቺ 0.0174533 ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። ፓይ ለ180 ሲካፈል ነው። አንድ ዲግሪ ማለት ይህን ያህል ራዲያን ነው። የሳይን ዴሪቬቲቭ (የለውጡ ፍጥነት) ኮሳይን የሚሆነውም በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው፤ በዲግሪ ከሆነ ያቺ ቁጥር እየተባዛች ትከተላለች። ካልኩለስ ራዲያን የሚወደው ወዶ አይደለም።

ስልካችሁ የትኛው ላይ እንዳለ ካልገባችሁ ምልክቱን አትመኑ። አንዳንዱ ቁልፍ ላይ የተጻፈው አሁን ያለበት ሳይሆን ስትነኩት የሚሄድበት ነው፤ እኔን ያናደደኝም ይሄ ነው። በቃ፣ ሳይን 90 ብላችሁ ጻፉ። 1 ካለ ዲግሪ ላይ ነው። 0.894 ገደማ ካለ ራዲያን ላይ ነው።

የሦስት ማዕዘን ጥያቄ በዲግሪ ሲመጣ ግን ስልኩን ወደ ዲግሪ መልሱት። አለበለዚያ ሳይን 30 ኔጋቲቭ ይወጣላችኋል።